ስም ያጣ አካል
ስለ ወንድ መራቢያ አካላት የምንናገርበት ቋንቋ ሲመረመር

ስለ ጤና በሚጻፉ ጽሑፎች የወንድ መራቢያ አካላት ሲገለጹ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ትክክል ሁኖ እናገኘዋለን፡፡ ይሁን እንጂ ጽሑፉን አንብቦ የጨረሰ ወጣት አንድ ሌሊት በድንገት ቢታመም ምን ብሎ እንደሚናገርና መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባው ሳያውቅ ይቀራል፡፡ የዚህ ጉድለት ምክንያት የሕክምና ዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የአነጋገራችን ልማድ ጭምር መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ እንሞክራለን፡፡

በመጀመሪያ «ብልት» የሚለውን ቃል እንመልከት፡፡ ዶሮ የምትሠራ ባለሙያ 12 ብልት ታወጣለች፤ እያንዳንዱም ብልት የየራሱ ስም አለው፡፡ ለሰው ሲሆን ግን ይኸው ቃል ብቻውን ሁሉን እንዲሸከም ይደረጋል፡፡ አንዱ ጸሐፊ በዚህ ቃል የሽንት መውጫውን አካል ብቻ ያመለክታል፤ ሌላው ቆለጡንና ከረጢቱንም ይጨምርበታል፡፡ ስለዚህ «ብልቴን አመመኝ» የሚል በሽተኛ ለሐኪሙ የነገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፡፡ «ኀፍረተ ሥጋ» የሚለው አጠራር ደግሞ ገና ስም ሲሰጥ ይፈርዳል፡፡ ከዚህ ለመሸሽ «ቴስቲስ»፥ «ስክሮተም» እያሉ የሚጽፉም አሉ፤ ነገር ግን አንባቢው የማያውቀው ቃል እፍረቱን ይሸፍን እንደ ሆነ እንጂ ዕውቀት አይሰጥም፡፡

ቋንቋችን ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፡፡ ገበሬው ስለ ኮርማው ቆለጥ በገበያ መካከል ይናገራል፤ ሲኮላሽም በስሙ ይጠራዋል፤ ሙክቱንም ከአውራው ለይቶ ያውቃል፡፡ ይኸው ሰው የራሱ ቆለጥ ሲያብጥ «ወገቤን» ወይም «ኩላሊቴን» ይላል፡፡ ስለዚህ የጠፋው ቃሉ ሳይሆን ፈቃዱ ነው ማለት ይቻላል፡፡

የዚህ ልማድ ጉዳት በግልጥ የሚታየው በቆለጥ መጠምዘዝ ነው፡፡ ቆለጥ የተንጠለጠለበት ገመድ መሰል ጅማትና የደም ሥር በራሱ ላይ ሲዞር ወደ ቆለጡ የሚሄደው ደም ይቋረጣል፡፡ ሕመሙ ድንገተኛና ብርቱ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በ12ና በ18 ዓመት መካከል ባሉ ልጆች ላይ ነው፡፡ በ6 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከተፈታ ቆለጡ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ቀኑ ካለፈ ግን የመዳን ዕድሉ እጅግ ይመነምናል፡፡ ሕመሙ ወደ ሆድ ስለሚወጣና ስለሚያስመልስ ልጁ «ሆዴን» ይላል፤ የቀረውንም አፍሮ ይተወዋል፡፡ ሐኪሙ ካልጠየቀ፥ ልጁም ካልተናገረ፥ የሆድ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ሰዓቱም ያልፋል፡፡ እንግዲህ በዚህ ቦታ አንድ ቃል አለመናገር የአንድ አካል ዋጋ አለው፡፡

በሁለተኛው ደረጃ «ቡአ» የሚለውን ስም እንመርምር፡፡ በብዙ ሰው አነጋገር በከረጢቱ ያለ እብጠት ሁሉ ቡአ ነው፡፡ ነገር ግን ቆለጥ የሚፈጠረው በሆድ ውስጥ ሲሆን ከመወለድ በፊት በብሽሽት በኩል ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፡፡ የመጣበት መንገድ በደንብ ካልተዘጋ አንጀት ሊወርድበት ይችላል፤ ውሃም በቆለጡ ዙሪያ ሊቋጠር ይችላል፡፡ ውሃው ሕመም ሳይኖረው ዓመታት ሊቈይ ይችላል፤ እንደ ጋምቤላ ባለው አገር ደግሞ በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ ትል ያመጣዋል፡፡ የወረደው አንጀት ግን አልመለስ ብሎ ቢታነቅና ማስመለስ ቢከተል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል፡፡ ሦስተኛው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ይኸውም በራሱ በቆለጡ ላይ የሚወጣ፥ ብዙ ጊዜ የማያምም ጠጣር እብጠት ነው፡፡ ይህ በተለይ ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉት ወንዶች ዘንድ ካንሰር ሊሆን ይችላል፡፡ በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፥ ሕክምናው በተሟላበት ቦታ አብዛኛው በሽተኛ ይድናል፡፡ «አያምምም፥ ቡአ ነው» ብሎ መተው ግን ይህን ዕድል ማባከን ነው፡፡

«መካን» የሚለው ቃልም ከዚህ ትችት አያመልጥም፡፡ ቃሉ በልማድ የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው፡፡ ዳሩ ግን ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል በግማሹ ያህል በባል በኩል ያለ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሌላ ጋር ይገኛል፡፡ ስለዚህ አንድ ዓመት ሞክረው ላልወለዱ ሁለቱም አብረው መመርመር አለባቸው፡፡ ሕፃን ልጅም ቆለጡ እስከ 6 ወር ካልወረደ ለሐኪም መታየት ይገባዋል፡፡ ሽማግሌም ሽንቱ ቢቀጥንበት፥ ሌሊት ቢያመላልሰው ወይም ደም ቢያይ «እርጅና ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባውም፤ ሽንት ፈጽሞ እንቢ ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መታከም ያሻዋል፡፡

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ጨዋነትን ልታስጥሉን ነውን?» ይለን ይሆናል፡፡ እኛ ጨዋነትን አንነቅፍም፤ በአደባባይ ምላስን መሰብሰብ መልካም ነው፡፡ የምንነቅፈው የአደባባዩ ሥርዐት ወደ ሐኪሙ ክፍልና ወደ መማሪያው ገጽ ተከትሎ መግባቱን ነው፡፡ እንደ እኛ አስተያየት ስለ ጤና የሚጽፍ ተማሪ ከእያንዳንዱ አካል ሥዕል አጠገብ ሦስት ነገር ቢያኖር በቂ ነው፤ እነርሱም ሕዝቡ የሚያውቀው ስም፥ የሕመሙ ምልክት፥ ለመዘግየት የሚፈቀደው ጊዜ ናቸው፡፡ አባትም ለልጁ «ቆለጥህን ባመመህ ጊዜ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ቀስቅሰኝ» ቢለው ክብሩ የሚጐድል አይመስለንም፡፡