ቤቱ ተቆጠረ፣ ሰፈሩስ?

ልብ ወለድ ሲታተም ሐያሲ ይነሣበታል። ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ጋዜጦችና መጽሔቶች ይተቹታል። የከተማ ፕላን ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚኖርበት ድርሰት ሆኖ ሳለ ይህ ነው የሚባል ሐያሲ የለውም። ያልወደድነውን መጽሐፍ ዘግተን ማስቀመጥ እንችላለን። ያልወደድነውን ፕላን ግን ጧት ማታ እንመላለስበታለን፣ ልጅ እናሳድግበታለን፣ ለቅሶ እንቀመጥበታለን። ስለዚህ አንባቢ ከፈቀደልኝ የአዲስ አበባን የቤት እጥረትና ለእጥረቱ መፍትሔ ተብለው የወጡትን ፕላኖች እንደ አንድ ሥራ ቆጥሬ ልተቻቸው። ክርክሬ አጭር ነው፤ የጎደለው ቤት ስንት እንደሆነ በየጊዜው ተቆጥሯል፣ ቤቱ ከባለቤቱ እንጀራ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ብዙም አልተለካም።

ከጥንቱ እንነሣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር የሰፈረችው በሰፈር በሰፈሩ ነው። መኳንንቱ በየተመሩት ጉብታ ላይ ግቢያቸውን ሲያጥሩ ወታደሩ፣ ሎሌውና ባለ እጁ ዙሪያውን ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። መቼም ይህን የእኩልነት ዘመን ነበር ብሎ የሚያወራ ካለ ያሞኘናል፤ ጌታው ጌታ፣ ሎሌውም ሎሌ ነበር። ነገር ግን ድሃው በእግሩ ሄዶ ከሥራው የሚደርስበት ቦታ ያድር ነበር። ከተማዪቱ ሳታቅድ ያገኘችው ትልቁ ጸጋዋ ይህ ይመስለኛል።

ፕላን የሚባለው ነገር ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የነካው ይህንኑ ጸጋ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያወጡት ፕላን የነጩንና የአገሬውን ሰው መኖሪያ ለመለየት የታሰበ ነበር፤ ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው በዚሁ አሳብ ነው። ከነፃነት በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ የለንደንን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋበዙ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ዴ ማርየን ተከተሉ። ከእነዚህ ሰዎች አሳብ በመሬት ላይ የቀረልን በአብዛኛው ጎዳናው ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ቁልቁል የተዘረጋውን የቸርችል ጎዳና ቆሞ ያየ ሰው ፕላኑ ምን ያስጨንቀው እንደነበር ይገባዋል። ግርማ አለው፤ ክፋትም የለውም። ከጎዳናው ጀርባ በጭቃ ቤት የሚያድረው ሰው ግን በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም።

ለዚህ ሰው መልስ ሰጠሁ ብሎ የመጣው ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ቀነሰ። የዚህ አዋጅ ፍርድ ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል ቤት ሠርቶ የሚያከራየውን ሁሉ እጁን ሰበሰበው፤ እጥረቱ ከዚያ በኋላ እየከፋ እንዲሄድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ጥቂት ብር የሚከፈልበትን ቤት ቀበሌው አያድሰው፣ ተከራዩም የኔ አይደለም ብሎ አይነካው። በሌላ በኩል ግን ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ጫማ ሰፊውና ጡረተኛው በከተማዪቱ እምብርት እንዲቆዩ ያደረገው እሱው ነው። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ እድሩ፣ እቁቡና የጎረቤት ብድር ግን ጸኑ። ቤቱ አረጀ እንጂ ሰፈሩ አላረጀም።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1996 ዓ.ም ገደማ በገርጂ ተሞከረ፣ በ1997 ዓ.ም በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። በ2005 ዓ.ም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 እየተባለ እንደገና ሲመዘገብ ሰልፉ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነበር። ሐያሲ ሚዛን መያዝ አለበትና የሥራውን በጎ ጎን ልናገር። መጸዳጃና ማብሰያ በቤት ውስጥ ገባ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። ንድፉን ያወጡት ሰዎችም እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና የበግ ማረጃ እንዲሆን በየግቢው የጋራ ቤት ማሰባቸው የአገሩን ኑሮ ፈጽሞ እንዳልረሱት ያሳያል።

የድርሰቱ ስንጥቅ ያለው ሕንፃው ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያልን ስንቆጥር እየራቅን መሄዳችንን ልብ እንበል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሐል ከተማ ያለው መሬት በሊዝ ገንዘብ ያመጣል፤ የዳሩ መሬት የገበሬ ነው፣ ካሳውም ርካሽ ነው። ስለዚህ የከተማውን ቤት አጥ ለማስተናገድ የገጠሩ ገበሬ ቤት አጥ ሆነ። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ፕላኑን ሲያሰርዝ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የኮዬ ፈጬ ዕጣ ያን ያህል ሲያወዛግብ፣ ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም አየ።

ዕጣ የወጣለትስ? እንበልና በአራት ኪሎ አካባቢ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት ዕጣው ወጣላት። እልልታው ካለፈ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል፤ ቅድሚያ ክፍያው አለ፣ የባንኩ የወር ዕዳ አለ፣ በሁለትና በሦስት ታክሲ ደርሶ መልስ አለ። ደንበኞቿ ደግሞ አብረዋት አልሄዱም። በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ሱቆች አሉ፤ ነገር ግን የተሸጡት በጨረታ ነው፣ እሷም በጨረታ አትገባም። ታዲያ ምን ታድርግ? ቤቱን ታከራይና ወደ ቀድሞ ሰፈሯ ተመልሳ የሰው ጓዳ ትከራያለች። እኔ ራሴ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። በደረጃችን ካሉት ስምንት ቤቶች ባለቤቱ የሚኖርበት ሁለቱ ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን፤ የጋራ ቤቱ ተቆልፎ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ነበር፤ በርበሬ የሚሰጣው ደረጃው ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ቤት ነበረ፣ ጎረቤት ግን ገና አልተሠራም ነበር።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና ኋላም ካዛንቺስ ሲፈርሱ ይኸው ጥያቄ በባሰ መልኩ ተመለሰ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ የእግረኛ መሄጃው አማረ። ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ዳር ሰፈሮች የተዛወሩት ሰዎች ያገኙት ቤት ከለቀቁት ጭቃ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል። የለቀቁት ግን ጭቃ ቤቱን ብቻ አይደለም። 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል ቀመር ደጋግመን ሰምተናል። ለሣሩ ድርሻ ተቆርጦለታል፤ በነባር ሰፈሩ ለሚቀረው ድሃ ስንት በመቶ እንደተቆረጠለት ግን እንዲህ በአደባባይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

“ታዲያ የሚያፈሰው ቤት እንዳለ ይቆይ ነው የምትለው?” የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። አንድ ፎቅ እንኳ በሌላቸው የቀበሌ ቤቶች የከተማዪቱን መሐል ሸፍኖ መኖር እንደማይቻል አውቃለሁ። ነገር ግን ማፍረስና ማራቅ አንድ ነገር አይደሉም። ልደታና ባሻ ወልዴ ችሎት ሲፈርሱ ኮንዶሚኒየም እዚያው በቦታው ላይ ተሠርቷል፤ አቅም ያለው ሁሉ ባይሆንም ከነባሩ ነዋሪ የተወሰነው እዚያው የመቆየት ዕድል አግኝቷል። መሬቱ ወደ ላይ ሲያድግ ሰው ወደ ዳር መሄድ የለበትም ማለት ነው። ለዚህ አዲስ ተአምር አያስፈልግም። ሰፈሩን በየተራ ማፍረስ፣ ለጉሊትና ለእደ ጥበብ የምድሩን ወለል ማስቀረት፣ ለመግዛት አቅም ለሌለው በመጠነኛ ኪራይ የሚኖርበት ቤት መለየት ይበቃል። በሊዝ የሚገኘው ገንዘብ ይቀንሳል፤ አዎን ይቀንሳል። ያን ገንዘብ ዛሬ ማን እየከፈለው እንደሆነ ግን ከላይ አይተናል፤ ጉሊት ቸርቻሪዋ በታክሲ፣ ገበሬው በማሳው ይከፍላሉ።

የፕላን ሥራ የትኛውን ቦታ ለማን እንደምንሰጥ መወሰን ነው፤ ከዚህ የሸሸ ፕላን ምንም ያህል ሕንፃ ቢደረድር እጥረቱን ከመሐል ወደ ዳር ያዛውረዋል እንጂ አያቃልለውም። ስለዚህ ወደፊት “ይህን ያህል ሺህ ቤት ሠራን” ሲባል ስንሰማ ከማጨብጨባችን በፊት ሁለት ቁጥር እንጠይቅ፤ ከነባሩ ነዋሪ ስንቱ እዚያው ቀረ? ከሄደውስ ስንቱ በሰጡት ቤት እየኖረበት ነው?