ስለ መጻሕፍት ጉባኤ የቀረበ ሂስ

መጽሐፍ ተጽፎ ካልተነበበ፣ ተነብቦም ካልተመረመረ፣ በሣጥን እንደ ተቈለፈ ወርቅ ነውና ለባለቤቱም ለአገሩም አይረባም። ስለዚህ ደራስያንና ሊቃውንት በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ድርሰት፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ መንግሥት አስተዳደርና ስለ ዓለም ሁኔታ መነጋገራቸው የሚመሰገን ልማድ ነው። በአዲስ አበባ በወመዘክር አዳራሽ የተደረጉት የመጻሕፍት ውይይቶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በውጭ አገርም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በ1988 በሄይ፣ በ2006 በጃይፑር የተጀመሩት የመጻሕፍት በዓላት ብዙ ሕዝብ ሰብስበዋል።

ነገር ግን ምስጋና ብቻውን ሂስ አይባልም። የጉባኤዎቻችን ፊተኛው ጉድለት ንግግሩ የመጽሐፉን ቦታ መውሰዱ ነው። ሰሚው መጽሐፉን ሳይገልጥ ይመጣል፤ አጨብጭቦም ሳይገልጥ ይመለሳል። በቅኔ ቤት ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ሰሙን ከወርቁ እስኪለይ ይጠየቃል፣ ይጠይቃል፤ አላወቀ እንደ ሆነ ይታረማል እንጂ አይጨበጨብለትም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም የነገሩ ባለቤት በደጅ መቅረቱ ነው። በ1962 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካምፓላ፣ በማከሬሬ ኮሌጅ፣ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተደርጎ እነ ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ተገኝተው ነበር። ሆኖም ጥሪው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት ብቻ ስለ ነበረ በአገሩ ቋንቋ የሚጽፈው አፍሪካዊ ቀረ። ኦቢ ዋሊም በሚከተለው ዓመት ይህን በብርቱ ነቀፈ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በአማርኛ ከታተመ ግን ያን ጊዜ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ ነበር።

እኛ ግን በማከሬሬ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። እኔ በተገኘሁበት በአንድ ጉባኤ ስለ ዋግ ታሪክ ረዥም ንግግር ተደረገ። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው መንገሣቸው፣ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ድል መሆናቸው፣ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1930 ዓ.ም. በፋሽስት እጅ ወድቀው ራሳቸው መቈረጡ ተነገረ። በመጨረሻ ከአምደወርቅ የመጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ሽማግሎቻችን በኽምጥኛ የሚናገሩት ታሪክ በዚህ ውስጥ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩም ጊዜው አልቋል ብለው ጉባኤውን ፈቱ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። መልሱም ብዙ ዘመን አይጠብቅም፤ ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ቃል አብሮት ይቀበራልና። ዋግ ኽምራ ድርቅ የበረታበት፣ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ያለፈበት አገር ስለ ሆነ ፍርሃታችን ከንቱ አይደለም።

እንግዲህ የሚበጀው ይህ ነው። ውይይት የሚደረግበት መጽሐፍ ከወር በፊት በየትምህርት ቤቱ ይታደል፤ ከጊዜው እኩሌታው ለጥያቄ ይተው፤ ጉባኤውም አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሰቆጣና አምደወርቅ ይዋል፤ በኽምጥኛ የተነገረውም ከአማርኛ ትርጓሜው ጋራ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ ለአዳራሽ ጌጥ ከሚወጣው ጥቂቱ ቢቀነስ ለደብተርና ለጸሓፊ ይበቃል።

የጉባኤ መልካምነት የሚታወቀው በጭብጨባው ብዛት ሳይሆን፣ በማግስቱ መጽሐፉን በሚገልጡት ሰዎችና በተጻፈው ምስክርነት ነው።