ስለ ዕለት ሲሳይ፤ በአቡነ ዘበሰማያት ያለው አራተኛው ልመና የተመረመረበት

ከጸሎት ኹሉ በክርስቲያን አፍ የማይለየው፥ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው አቡነ ዘበሰማያት ነው። ሕፃን ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ በቃሉ ያጠናዋል፤ ሽማግሌም በሞቱ አልጋ ላይ ኾኖ ይደግመዋል። ነገር ግን ዘወትር የሚደገም ቃል ሳይላመጥ ይዋጣል። ስለ ስሙ መቀደስ፥ ስለ መንግሥቱ መምጣት፥ ስለ ፈቃዱም መፈጸም ከሚለመኑት ከ3ቱ ልመናዎች ቀጥሎ ያለው አራተኛው ልመና ስለ ሲሳይ ነው። ይህ ሲሳይ ምንድር ነው? የሥጋ ምግብ ነውን? የእግዚአብሔር ቃል ነውን? ወይስ ቅዱስ ቍርባን? መተርጕማን 3ቱንም ብለዋል። ከ3ቱ አንዱን ይዞ ሁለቱን የሚጥል ሰው ግን፥ እየለመነ በረኃብ የሚኖር ነውና፥ ነገሩን መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ቃሉ ይታይ። በጽርእ ወንጌል ኅብስቱን የሚገልጠው ቃል ኤጲዩስዮስ ይባላል። ይህም ቃል በሐዲስ ኪዳን ከማቴዎስ ምዕራፍ 6 እና ከሉቃስ ምዕራፍ 11 በቀር አይገኝም። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ኦሪጌንስ፥ ቃሉን ከሊቃውንት ጽሕፈትም ከተራው ሰው ንግግርም እንዳላገኘው ጽፏል፤ ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈ ቢኾንም፥ ጽርእን አጥርቶ ያውቅ ነበርና ስለ ቃሉ የሰጠው ምስክርነት አይጣልም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ420 ዓ.ም. ያረፈው ሄሮኒሞስ በሮማይስጥ መጽሐፍ ያንኑ አንድ ቃል በማቴዎስ ከባሕርይ በላይ የኾነ አለው፤ በሉቃስ ግን የዕለት የሚለውን አጸና። የሶርያው ፐሺጣ ደግሞ የሚያስፈልገን ብሎ ተረጐመው።

የግእዙ ተርጓሚ የሠራው ሥራ ከእነዚህ ኹሉ ይልቅ ማስተዋልን የሚሻ ነው። በጽርእ ኅብስት የሚለውን ሲሳይ ብሎ አሰፋው፤ ጊዜውን ግን ለለ ዕለት ብሎ አጠበበው። ሲሳይ የተጋገረ ኅብስት ብቻ ስም አይደለም፤ ሕይወትን የሚያቆም ኹሉ ሲሳይ ነው። አማርኛውም እንጀራ ቢል ከዚህ አልራቀም፤ በአገሩ ልማድ እንጀራ ማለት በመሶብ ያለው ብቻ ሳይኾን ሰው የሚኖርበት ኑሮ ኹሉ ነውና። እንግዲህ ልመናው የሚለመነውን ነገር ሰፊ አድርጎ፥ የሚለመንበትን ልክ ግን አንድ ቀን አድርጎ ወስኖታል። ትርጓሜዎቹም ኹሉ በዚህ ሚዛን መመዘን አለባቸው።

የመጀመሪያው ትርጓሜ የሥጋ ምግብ ነው የሚለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ማቴዎስን በተረጐመበት ድርሳኑ በዚህ ይጸናል። ጌታ ይህን ጸሎት ሥጋ ለለበሱ ሰዎች ስለ ሠራው፥ ባሕርያቸው የምትሻውን እንዲለምኑ እንደ ፈቀደ፥ ነገር ግን ገንዘብንና ተድላን ሳይኾን ለአንድ ቀን የሚበቃውን ኅብስት ብቻ እንዲለምኑ እንዳዘዘ ያስረዳል። ይህ ትርጓሜ ጤነኛ ነው፤ ረኃብተኛውን አያሳፍርም፥ ባለጸጋውንም አያስታብይም። ጎተራው የሞላለት ሰው፥ ለብዙ ዓመት ያለው እህል ሳለ የአንድ ቀን ሲሳይ ለምን ይለምናል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከልመናው ቃል ይገኛል። ልመናው ለብዙዎች የሚለምን ነው እንጂ ለአንድ ሰው የሚለምን አይደለም። ስለዚህ ባለ ጎተራው በጸለየ ጊዜ በደጁ ለቆመው ድኻ ደግሞ ይለምናል። የለመነውንም ሲሳይ እግዚአብሔር አስቀድሞ በእርሱ እጅ አኑሮት እንደ ኾነ፥ ጸሎቱ የሚፈጸመው ጎተራውን ሲከፍት ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 12 የተጻፈው ባለጸጋ እህሉን ለብዙ ዓመት አከማቸ፤ ሌሊቱን ግን ነፍሱ ተጠየቀች። ያ ሰው የተነቀፈው እርሻው ስላፈራለት አይደለም፤ ለነፍሱ የእህልን ክምር ሲሳይ አድርጎ ስለ ሰጣት ነው እንጂ።

ሁለተኛው ትርጓሜ ሲሳዩ የእግዚአብሔር ቃል ነው የሚለው ነው። ለዚህ ምስክሩ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 አለ፤ ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ ለፈታኙ የመለሰው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህን ንባብ ይዞ ለተራበ ሰው ስብከትን ብቻ የሚሰጥ መምህር ንባቡን አጕድሎታል። ቃሉ ሰው በእንጀራ ብቻ እንዳይኖር ይናገራል እንጂ እንጀራን አይሽርም፤ ብቻ የሚለውን ጥሎ መተርጐም መጽሐፍን መስረቅ ነው። ጌታስ በማርቆስ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፥ ሕዝቡን ብዙ ነገር ካስተማራቸው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ይሰናበቱ ቢሉት አልፈቀደም፤ እነርሱ ራሳቸው እንዲያበሉአቸው አዘዘ፤ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣም 5 ሺህ ወንዶችን አጠገበ፥ 12 መሶብም ተረፈ። የቃልን ሲሳይ የሰጠ እርሱ የሥጋውን አልነፈገም።

በዚህም ትርጓሜ ሌላ ጕድለት ይገኛል፤ ይኸውም ቃሉን በመዝለቅ እንጂ በመብላት አለመያዝ ነው። 150ውን መዝሙር በሰባቱ ዕለታት ከፍሎ መድገም የአባቶች መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ምላሱ ከመዝሙር ወደ መዝሙር ሲሮጥ ልቡ በገበያና በሙግት የሚውል ሰው፥ ማዕድ እየዞረ ያልቀመሰ አሳላፊን ይመስላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ከእንስሳ ንጹሕ ያለችው ሰኰናው የተሰነጠቀውን፥ የሚያመሰኳውንም ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ የዋጠውን መልሶ ያላምጣል፤ እንዲሁ ክርስቲያን ማለዳ ያነበበውን በቀትር ሊያስበው፥ ማታም በሥራው ሊመረምረው ይገባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፉን እንዲበላ ታዘዘ እንጂ እንዲያነበው ብቻ አልታዘዘም፤ በአፉም እንደ ማር የጣፈጠው ከበላው በኋላ ነው። ቀለም ያላነሰው፥ ዜማም ያልጐደለው ካህን በነፍሱ ቢራብ ምክንያቱ ከዚህ ሌላ አይደለም፤ ለሌላው ሲያሳልፍ ለራሱ አልቈረሰም።

ሦስተኛው ትርጓሜ ሲሳዩ የጌታ ሥጋና ደም ነው የሚለው ነው። ይህም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይጸናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ258 ዓ.ም. ሰማዕትነትን የተቀበለው የቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ስለዚህ ጸሎት በጻፈው መጽሐፍ፥ ምእመናን ይህን ኅብስት በየዕለቱ የሚለምኑት ከክርስቶስ አካል እንዳይለዩ ነው ብሎ ያስተምራል። የሥጋውን ትርጓሜ ግን አልሻረም፤ ሁለቱን አብሮ ተቀበለ። በኢትዮጵያ ግን ከጥንት ጀምሮ ሲታይ የኖረ ልማድ አለ። ሕፃናት ይቈርባሉ፥ ሽማግሎችና ባልቴቶች ይቈርባሉ፤ በጕልምስና ያለው ብዙው ሰው ግን ቅዳሴ አስቀድሶ ሳይቀበል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህንም መራቅ ብዙዎች ትሕትና ይሉታል። ፍርሀቱ ቅዱስ ነው፤ ሳይገባው የሚቀበል ፍርድ እንደሚቀበል ሐዋርያው አስጠንቅቋልና። ነገር ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ራስን መመርመርን ያዘዘው ለመቅረብ እንጂ ለመራቅ አይደለም። ንስሓ ሳይገባ፥ የበደለውን ሳይክስ፥ ትዳሩን ሳያቀና 30 ዓመት በቅድስት ደጅ የቆመ ሰው ትሑት አይባልም፤ በማዕድ አጠገብ የተራበ ነው። ጕልማሳነት ፈተና የሚበዛበት ወራት ነው፤ ስንቅ የሚያስፈልገውም መንገድ ለሚሄድ ነው እንጂ ከመንገድ ለገባ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ 3ቱ ትርጓሜዎች አንዱ አንዱን የሚያፈርስ አይደሉም። የሚፈርዳቸውም የመና ነገር ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል በየማለዳው ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር ይለቅሙ ነበር፤ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፥ ጥቂት የለቀመውም አልጐደለበትም። ትእዛዝ ተላልፈው ለነገ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፤ በስድስተኛው ቀን ግን ስለ ሰንበት በትእዛዝ 2 ጎሞር ለቀሙ፥ ያደረውም አልተላም። ከዚያም መና አንድ ጎሞር በመሶበ ወርቅ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ። መሶበ ወርቁን ሊቃውንት ለእመቤታችን ምሳሌ አድርገውታል፤ በዚህ ስፍራ ግን የሚታሰበው ሌላ ነው። በመሶቡ የተቀመጠው መና ለልጅ ልጅ ምስክር ይኾን ዘንድ ነበር እንጂ ለመብል አልነበረም። በምድረ በዳ የሚጓዘው ሕዝብ በመሶቡ ያለውን አይቶ አልጠገበም፤ ማለዳ ተነሥቶ ይለቅም ነበር።

እንዲሁም የዛሬ 20 ዓመት የተማሩት ትርጓሜ፥ አምና የጾሙት ጾም፥ በሕፃንነት የተቀበሉት ቍርባን፥ አባት ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በእግዚአብሔር ፊት ምስክር ይኾናሉ እንጂ የዛሬን ረኃብ አያስታግሡም። ነፍስ የምትከሳው መጽሐፍ ስለ ታጣ ወይም መቅደስ ስለ ራቀ ብቻ አይደለም፤ በትናንቱ እጠግባለሁ ብላ ማለዳ መልቀምን ስለ ተወች ነው። እንግዲህ አራተኛውን ልመና የሚጸልይ ኹሉ ከጸሎቱ ተነሥቶ 3 ነገር ያድርግ፤ ከገበታው ለተራበው ይቍረስ፥ ካነበበው አንዱን ቃል እስኪመሽ ያላምጥ፥ ወደ ቅዱስ ማዕድ የሚያቀርበውንም ንስሓ ለነገ አያሳድር። የዕለቱን ሲሳይ ለለመነ ሰው ዕለቱ ዛሬ ነውና።