ፋይዳ ዲጂታል ነው፤ ታዲያ ፎቶኮፒው ለምን?

ለፋይዳ ስትመዘገቡ የአሥር ጣቶቻችሁ አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖቻችሁ አይሪስና የፊታችሁ ፎቶ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው። ሲስተሙ የእናንተን መረጃ ቀድመው ከተመዘገቡት ጋር አመሳክሮ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣችኋል። በምህንድስና ዓይን ይህኛው ክፍል በደንብ የታሰበበት ነው።

ችግሩ ያለው አገልግሎት መስጫው መስኮት ጋ ነው። እዚያ ደርሳችሁ «ኮፒ አምጡ» ከተባላችሁ ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ወረቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ካርዱ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ለጌጥ አይደለም፤ ዲጂታል ፊርማ አለው። በውስጡ ካለው መረጃ አንድ ፊደል ቢቀየር ፊርማው አይገጥምም። ፎቶኮፒ ግን የሚመረመረው በዓይን ብቻ ነው፤ ፎቶሾፕ የሚችል ጎረምሳ የሠራውን ካርድ በዓይን መለየት ደግሞ ይከብዳል።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ሰበብም ብዙ አያስኬድም። እንዲህ ያለው ፊርማ የሚረጋገጠው በይፋ በሚታወቅ ቁልፍ ስለሆነ፣ ቁልፉ ቀድሞ የተጫነበት ስልክ ያለ ኢንተርኔትም ያጣራዋል። ካርዱ የእናንተ መሆኑን ለማወቅ ፊታችሁን ከፎቶው ጋር ማስተያየት ነው የሚቀረው።

ኮፒው ሌላም ጣጣ አለው። ስማችሁ፣ የልደት ቀናችሁና ቁጥራችሁ ማን እንደሚከፍተው በማይታወቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ይላል።

ጥሩ መታወቂያ ተሠርቷል፤ አጠቃቀሙ ግን ገና አልተከተለውም። እናንተም ኮፒ ስትጠየቁ በትሕትና «ስካን ማድረግ አይቻልም?» በሉ።