ስለ ሂስቴሪያ ከተጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ የጎደለው የዐይን ምርመራ

ጆሴፍ ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተሙት ስለ ሂስቴሪያ የሚያትት መጽሐፍ በአእምሮ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ብሮየር «አና ኦ.» ብሎ የሰየማት የቪየና ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1880 አባቷን ስታስታምም ከታዩባት ምልክቶች አንዱ የዐይኖቿ ወደ አፍንጫ መሳብ ነበር።

ብሮየር መንሥኤውን ሲያስረዳ፣ ታማሚዋ በአባቷ አልጋ አጠገብ ሳለች ዐይኗ እንባ አቅርሮ እንደነበር ይተርካል። አባቷ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቋት አጥርታ ማየት ስለተሳናት ሰዓቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ ገጹም ገዝፎ ታያት። ትረካው ልብ ይነካል፤ የምርመራ ማስረጃ ግን አይደለም።

አንድ የዐይን ሐኪም ሽውርርናው ከ6ኛው የራስ ቅል ነርቭ መድከም የመጣ ነው ብሎ ነበር። ብሮየር ይህን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ በምን ምርመራ እንደለየው አይገልጽም። የጽሑፉ ዋና ድክመት ይህ ነው።

ልዩነቱ በቀላል ምርመራ ሊታይ ይችላል። ከሥነ ልቡና ጋር በተያያዘው ሽውርርና ዐይኖች ወደ ውስጥ ሲሳቡ ብሌኖችም አብረው ይጠባሉ፤ የሩቅ ዕይታም ይደበዝዛል። አንዱ ዐይን ተሸፍኖ ሌላው ብቻውን ሲመረመር ግን ወደ ውጭ የመዞር ችሎታው ሙሉ ሆኖ ይገኛል። በነርቩ ሽባነት ግን ብሌን አይጠብም፤ ሌላው ዐይን ተሸፈነም አልተሸፈነ የታመመው ወደ ውጭ በሚገባ አይዞርም።

ይህን ለይቶ አለማወቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የ6ኛው ነርቭ መድከም የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የሚያስከትለው የማጅራት ገትር ወይም የአንጎል ዕጢ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐዘን ያገኘው ሰው ከእነዚህ በሽታዎች ነጻ አይደለም። ስለዚህ የታማሚው ታሪክ የቱንም ያህል አሳማኝ ቢሆን የዐይንን ውስጠኛ ክፍልና የነርቭ ሥርዓትን መመርመር አይቀርም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ 5ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2013 የሥነ ልቡና ጭንቀት መኖርን እንደ ግዴታ መስፈርት መውሰዱን ትቶ በምርመራ ለሚገኙ ምልክቶች ቅድሚያ መስጠቱ ተገቢ ነው።

መጽሐፉ ታማሚዋ መዳኗን ቢናገርም፣ ሄንሪ ኤለንበርገር እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ጥናት በ1882 በስዊዘርላንድ ክሮይዝሊንገን ሳናቶሪየም ገብታ እንደነበር አረጋግጧል። ይሁንና ብሮየር ታማሚዋን አስመሳይ ሳይል በትዕግሥት ማድመጡ ዛሬም ሊመሰገን ይገባዋል። የጤና ባለሙያዎች ይህን ማድመጥ ከእርሱ ሊወስዱ፣ እርሱ ያልጻፈውን የብሌንና የነጠላ ዐይን ምርመራ ደግሞ በታማሚው ካርድ ላይ ሊመዘግቡ ይገባል።