«የተተወ ዕቃ» ወይስ «ቀሪ ዕቃ»? በቤት ኪራይ ውል ቋንቋ ላይ የቀረበ ሂስ፤ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ ምሳሌ ጋር

የሕግ አማርኛ ጉድለት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የባዕድ ቃላት መብዛት ወይም የዐረፍተ ነገር መንዛዛት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አነጋገር ከሁለቱም የጸዳ ነው። ቃላቱ የተለመዱ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ማንም አንባቢ ያለ ችግር ይረዳዋል። ሆኖም በሰዋስዋዊ አሠራሩ ብቻ የአንዱን ሰው ንብረት ወደ ሌላው እጅ ያሻግራል። ይኸውም ኪራይ ሳይከፍል ከቤት የወጣ ተከራይ በቤቱ ውስጥ ስለ ቀረው ዕቃ የሚነገረው «ትቶት የሄደው»፣ በአጭሩም «የተተወ ዕቃ» የሚለው ነው።

አሰላ የአስተዳደር፣ የንግድና የትምህርት ከተማ እንደ መሆኗ የኪራይ ቤት ፈላጊዋ ብዙ ነው። ከበቆጂና ከሳጉሬ የሚመጣው ተማሪ፣ በዝውውር የተመደበው የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛውና ጀማሪው ነጋዴ አንድ ክፍል ይከራያሉ። ውሉ አንዳንዴ በቃል ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በተገዛ ቅጽ ላይ ወይም በማመልከቻ ጸሐፊ እጅ በአንድ ገጽ ይሰፍራል። የማንንም ውል ለይተን ሳንጠቅስ፣ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተለመዱት ቃላት ብቻ አንድ አንቀጽ ብናቀናጅ የሚከተለውን ይመስላል፤

«ተከራይ ኪራዩን ሳይከፍል ቤቱን ለቆ ቢሄድ ትቶት የሄደው ዕቃ ለቀሪው ኪራይ መያዣ ሆኖ ለባለቤቱ ይሆናል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ፍርዱን የሚሰጡት አምስት ቃላት ናቸው፤ «ለቆ»፣ «ትቶት»፣ «ቀሪው»፣ «መያዣ»፣ «ባለቤቱ»። ከአምስቱ አንዱም የተጣለበትን ሥራ በትክክል አይሠራም።

ከሁለቱ ቦዝ አንቀጾች እንጀምር። «ለቆ ሄደ»፣ «ትቶ ሄደ» ስንል ቦዝ አንቀጹና ማሰሪያው ግሥ አንድ አድራጊ አላቸው። የለቀቀውም፣ የተወውም፣ የሄደውም ያው ተከራይ ነው። ሦስቱ ድርጊቶች በአንድ ሰው ፈቃድ ክር ላይ ይሰካሉ። ቁልፉን የቀየረው፣ ዕቃውን ወደ ግቢ ያወጣው፣ ወይም «እስከ ማታ ውጣልኝ» ያለው ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም። «የተተወ ዕቃ» ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በተደራጊው ግሥ ምክንያት የተወው ሰው ራሱ ይጠፋና መተዉ ብቻ ይቀራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ «ተወ» በአማርኛ የፈቃድ ግሥ ነው። ሰው ጫት ይተዋል፣ ክስ ይተዋል፣ ቂም ይተዋል። በእንቅልፍ ልቡ ወይም ተገዶ ያደረገውን «ተወ» አንልም፤ ብንል እንኳ «ሳይወድ በግድ» ብለን እንጨምርበታለን።

«ቀረ» ከዚህ ፍጹም ይለያል። «ዕቃው ቤት ቀረ» ሲባል የማንም ፈቃድ አልተነገረም። ረስቶት ይሁን፣ ተከልክሎ ይሁን፣ ነገ ሊወስደው አስቦ ይሁን ግሡ አይፈርድም። የመንደር ተናጋሪ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ጎረቤት «ዕቃው እዚያው ቀረበት» ሲል በ«በት» ላይ ያለው ሐዘኔታ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ከሦስተኛው ግሥ ከ«ጣለ» ጋር ሲነጻጸርም «ጥሎ ጠፋ» የሚለው የአከራይ አባባል ሌላ ወጥመድ አለበት፤ «ጠፋ» ለሰውም ለዕቃም ይነገራልና የጠፋው ተከራይ ዕቃ ሳይታወቅ «የጠፋ ዕቃ» ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባለቤት የሌለውን ነገር ከጠፋው ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። የመጀመሪያውን ይዞ ባለቤት መሆን ይቻላል፤ ሁለተኛውን ያገኘ ሰው ግን ማስታወቅና መጠበቅ አለበት። ተከራይ ተገዶ ሲወጣ የቀረው ዕቃ ከሁለቱም አይደለም፤ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ያለበት ስፍራም ይታወቃል።

«ባለቤት» የሚለው ቃል ባለ ብዙ ራስ ነው። የቤት ጌታ ነው፤ የማንኛውም ንብረት ጌታ ነው፤ በሰዋስው ትምህርትም የግሡ አድራጊ «ባለቤት» ይባላል። «ለባለቤቱ ይሆናል» በሚለው ሐረግ የቤቱ ባለቤት ወይስ የዕቃው? ጸሐፊው የቤቱን ማለቱ ነው፤ ነገር ግን ቃል በቃል ቢወሰድ ዕቃው ለዕቃው ባለቤት ማለትም ለተከራዩ ይመለሳል። ይህን በዳኛ ፊት የሚከራከርበት ጠበቃ ቢገኝ አይፈረድበትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 «አከራይ» እና «ተከራይ» የሚሉትን ጥንድ ቃላት መያዙ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ተፈጻሚነቱ በክልሎች በሚወሰኑ ከተሞች ስለ ሆነ የቅጾቹ ቋንቋ በየስፍራው እስኪታረም ጊዜ ይወስዳል።

ስለ «መያዣ» ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። መያዣ የሚሰጥ ነገር ነው። ተበዳሪ አስቦ፣ ተስማምቶ፣ ከእጁ አውጥቶ ያስይዛል። የመያዣ ውል ድንጋጌዎች በ1952ቱ ሕግም፣ ኋላ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ዘመንም በስምምነት ላይ የቆሙ ናቸው። ተከራይ ፍራሹን ለመተኛት እንጂ ለማስያዝ አላስገባም። በሩ ከተቆለፈበት በኋላ የተወሰደውን «መያዣ» ማለት የወሰደውን ሰው የተቀበለ ማስመሰል ነው።

«ቀሪ» ደግሞ ለኪራዩ መዋሉ ያለ ቦታው ነው። ላልተከፈለውና ለተከማቸው ዕዳ አማርኛ ከ«ወዘፈ» የወጣ «ውዝፍ» የሚባል ጥሩ ቃል አለው፤ «ውዝፍ ግብር» በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። «ቀሪ»ን ለዕቃው፣ «ውዝፍ»ን ለኪራዩ ብንመድብ «ቀሪ ዕቃ ለቀሪ ኪራይ» ከሚለው ማምታቻ እንድናለን። በነገራችን ላይ የዚህ ዐረፍተ ነገር ምት ሳያምር አይቀርም፤ በውል ጸሐፊዎች ዘንድ የተወደደውም ምናልባት ስለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጠብ ብቻ የሚመስለው አንባቢ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ይመልከት። ሕጉ በፍርድ ለተረጋገጠ ዕዳ እንኳ ሊያዙ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል፤ ለባለዕዳውና ለቤተ ሰቡ አስፈላጊ የሆነው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የመኝታ ልብስ፤ ለሙያው የሚገለገልበት መሣሪያ፤ ገበሬ ከሆነም ለኑሮው የሚያስፈልገው ከብትና ዘር፤ እንዲሁም የ3 ወር ስንቅ። አሁን በአንድ ክፍል የሚኖር ተከራይ ቤት ውስጥ ምን ይገኛል? ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ምድጃ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ የስፌት መኪና፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተቀመጠ ዱቄት። ዳኛ በፍርድ ሊነካው ያልተፈቀደለትን ዝርዝር አከራይ «የተተወ» በሚል አንድ ቃል ይወስደዋል። ዕቃው እንደ ተወሰደ ሳይሆን እንደ ተገኘ ይቆጠራልና የሕጉ ጥበቃ ሳይጣስ ይታለፋል።

በአርሲ ይህ ነገር ከከተማው ኪራይ ቤት የሚቀድም ታሪክ አለው። በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው፣ ማዕከሉ አሰላ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለትንሹ ገበሬ ሲያደርስ፣ የስንዴው ትርፍ የታያቸው ባለመሬቶች ደግሞ በትራክተርና በኮምባይነር ማረስ ጀመሩ። በተለይ ለመኪና በሚመቸው ሜዳማ መሬት ላይ የነበሩ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነሡ። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነትን ለማሻሻል በጊዜው ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ ቀረ። ከመሬቱ የተነሣው ጭሰኛ ጎጆውን፣ አጥሩን፣ የተከለውን ባሕር ዛፍ፣ ፍግ የጠገበውን ጓሮ ይዞ መሄድ አይችልም።

«ጭሰኛ» የሚለው ስም ራሱ ከጭስ የወጣ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ምድጃ ያቆመና ጭስ ያወጣ ማለት ነው። በሚከፍለው ድርሻ እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ ወይም እርቦ አራሽ ቢባልም መሠረታዊ መጠሪያው ከምድጃው አይለይም። ታዲያ ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከግሦቹ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። «መሬቱን ለቀቁ» ቢል በፈቃዳቸው ሄዱ ማለቱ ነው። «እንዲለቁ ተደረገ» ቢል አስገዳጅ እንዳለ ያመለክታል፤ ግን የለቀቁት አሁንም እነርሱ ናቸው፤ «አስለቀቀ» በሚለው አስደራጊ ግሥ ውስጥ የያዘውን በእጁ የሚለቅ ሰው ተደብቋልና። «ተነቀሉ» ወይም «ተፈናቀሉ» ሲል ብቻ ፈቃዱ ከሥሩ ይጠፋል። «ፈነቀለ» ሥር የሰደደን ድንጋይ በመሣሪያ ማንሣት ነው፤ «መፈንቅለ መንግሥት»ም ከዚሁ ወጥቷል። ድንጋይ አይለቅም፤ ይነሣል እንጂ። የተፈናቀለ ሰው ጓሮውን «ተወ» ሊባል እንደማይችል ከግሡ ብቻ እንረዳለን።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት አፍርሶ ጭሰኛውን ከኪራይና ከዕዳ ነጻ አወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ ቤት ማከራየትን ከግለሰብ እጅ አወጣ። ነገሩ በሕግ ሲከለከል ቃሉም ተሸሸገ፤ በቀበሌ ቤት ውስጥ ክፍል ተጋርቶ የሚኖረው ሰው ተከራይ ተብሎ አይጠራም፣ «ደባል» ነው። ደባል ውል የለውምና ሲወጣ ስለሚቀረው ዕቃ የሚጻፍ አንቀጽም አልነበረም። የግል ኪራይ ተመልሶ ሲስፋፋ የውሉ አማርኛ ከነባሩ አነጋገር መወሰዱ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በሌላ አገር የዚህ ዓይነቱ የአከራይ ሥልጣን ስም ነበረው። በእንግሊዝና በዌልስ አከራይ ለውዝፍ ኪራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከራዩን ዕቃ ለመያዝ የሚችልበት የጥንት መብት በታወቀ ስሙ ሲተች ኖሮ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተሽሮ ሽረቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት የሬኔ ዳቪድ አገር ፈረንሳይም በ1804 እ.ኤ.አ. ሕጓ ቤቱን በሞላው ዕቃ ላይ ለአከራይ የቅድሚያ መብት ሰጥታ ወሰኑን በቁጥር አስቀምጣለች። መብቱ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ስም ያለው ነገር ይለካል፣ ይገደባል፣ ሲያስፈልግም ይሻራል፤ በእኛ ውሎች ግን ያው ሥልጣን «ትቶት የሄደው» ከሚል የተራ ንግግር ሐረግ በስተጀርባ ስለ ተቀመጠ ማንም መብት ብሎ ሊጠራው፣ ማንምም ሊከራከርበት አልቻለም። መዝገበ ቃላቶቻችንም አይረዱንም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገብ ቃላቱን ከሥር ግሣቸው እያወጣ ያሳየናል፤ በ1993 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም የጠቅላላው ቋንቋ መዝገብ ነው፤ የሕግ ሐረጋትን ለብቻ መተርጐም የሁለቱም ዓላማ አልነበረም።

በአርሲ የሚሠራ ተርጓሚ ሌላም ኀላፊነት አለበት። የዞኑ ፍርድ ቤትና አስተዳደር የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ በአማርኛ የተጻፈው ቅጽ ወደ ኦሮምኛ መመለሱ አይቀርም። ኦሮምኛም ግሦቹን አጥርቶ ይለያል፤ «ዺሱ» መተው፣ «ሀፉ» መቅረት፣ «ገቱ» መጣል ነው። ለማፈናቀል የሚነገረው «ቡቂሱ»ም እንደ አማርኛው ሁሉ የመንቀል ግሥ ነው። «ትቶት የሄደው»ን በ«ዺሱ» የሚመልስ ተርጓሚ ለአማርኛው ታማኝ ነው፤ ነገር ግን የአማርኛውን ጥፋት በሌላ ቋንቋ ይደግመዋል። «ሀፉ»ን ከመረጠ ከምንጩ ቢርቅም ለነገሩ ይቀርባል። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ከዚያም በፊት ምንጩ ቢታረም ይሻላል። ስለዚህ አንቀጹን እንደሚከተለው እናቀርባለን፤

«ተከራይ ውዝፍ ኪራይ እያለበት ከቤቱ ቢወጣ ወይም እንዲወጣ ቢደረግ በቤቱ ውስጥ የቀረው ዕቃ የተከራይ ንብረት እንደ ሆነ ይቆያል፤ አከራይ ቀሪውን ዕቃ በምስክር ፊት ዘርዝሮ ይጠብቃል፤ ውዝፉን ኪራይ በፍርድ ቤት ይጠይቃል።»

«የተተወ ዕቃ» ተከራዩ «አልፈልገውም» ብሎ በግልጽ ለተናገረለት ብቻ ይቆይ። አከራይ ዕቃውን ይዞ ስለሚቆይበት ሁኔታ ግን ገና የረጋ ስያሜ የለንም። «እገታ» ሥሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም በዛሬው አነጋገር ከሰው ጠለፋ ጋር ተጣብቋል። «ዕግድ» የፍርድ ቤት ሆኗል። «ይዞ ማቆየት» ለጊዜው ይሠራል፤ ጉድለቱ ሐረግ እንጂ ስም አለመሆኑና አድራጊውን የሚጠራ ቅጽ በቀላሉ የማይወጣለት መሆኑ ነው። በሕግ ትርጕም ላይ የሚሠሩ አንባቢዎች በየአካባቢያቸው በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ለዚሁ ሲነገር የሰሙትን ቃል ቢልኩልን በሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር እንመረምረዋለን።