የላላችው «ይመታል»፦ ስለ ተዋናይ ሥልጠናችን

ዩኒቨርሲቲ የተማረ ተዋናይ በተነሣ ቁጥር «ንድፈ ሐሳብ በዛበት፣ ተፈጥሮው ደበዘዘ» ይባላል። ያለ ቦታው የገባ ትችት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መባቻ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ሲጀምር መድረኩ ተሰጥኦ አልጠፋበትም፤ በአገር ፍቅርም በብሔራዊ ቴአትርም ሞልቶ ነበር። ያነሰው ድርሰት የሚተነትን ተዋናይና አዘጋጅ ነው። ትምህርቱ ያንን ክፍተት ሞልቷል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ የተዋናይ ጆሮ ተረስቷል።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ተዋናይ ግን አፉን ሲከፍት ቁርጡን ማወቅ አለበት። አንድ ጊዜ የንባብ ልምምድ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ሴረኞች ያወራሉ፤ አንደኛው «ጄኔራሉ ነገ ይመታል» ይላል። «መ» እና «ታ» ከጠበቁ ሰውየው ሊገደል ነው፤ ከላሉ ራሱ ሊያጠቃ ነው። ደራሲው ግድያውን ነበር የጻፈው፣ ወጣቱ ተዋናይ ግን አላልቶ አነበበው። የባልደረባው መልስ ለሁለቱም ትርጉም ስለሚሆን ማንም አልነቃም። አዘጋጁ ስለ ገጸ ባሕርይው ፍላጎትና ስለተደበቀ ስሜቱ ረጅምና በእውነትም ጥሩ ማብራሪያ ሰጠ። ቃሏ እንደላላች መድረክ ላይ ወጣች። በሦስተኛው ገቢር ጄኔራሉ ሲወድቅ ተመልካቹ ዱብ ዕዳ ሆነበት፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሊጨንቀው ይገባ የነበረውን ሞት የነገረው አልነበረም። ሁለት ፊደል ሳይጠብቁ ቀርተው የአንድ ድርሰት ፍርሃት እንዳለ ፈሰሰ!

ይህን የአንድ ልጅ ስንፍና ማለት አልችልም። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው፤ የድምፅ ልምምድ መጻሕፍቱም የተጻፉት ተነባቢ ቢጠብቅ ቢላላ የቃል ትርጉም ለማይለወጥባቸው ሰዎች ነው። ስለ ትንፋሽና ስለ ድምፅ ጉልበት የሚሉት ይጠቅመናል። ስለ «ይመታል» ግን ምንም አይሉም፤ ሊሉም አይችሉም።

የቤተ ክርስቲያኑ ንባብ ቤት ግን ስለ አነባበብ ይላል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ቃሉን በዓይነቱ ይለያል፤ ወዳቂውን እንደ ተነሽ ያነበበ ተማሪ እዚያው ይታረማል፣ እስኪያቃናም አያልፍም። ሕጉ የግዕዝ ነውና ወደ አማርኛ ይገልበጥ አልልም። ወደ ልምምድ ክፍል ይግባ የምለው ትርጉም ከመተንተኑ በፊት ጆሮን የማረቁ ልማድ ነው። የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ቤት ዛሬ የሚጠራው በጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው፤ ዮፍታሔ ደግሞ የቅኔ ቤት ልጅ ነው፣ ቅኔ ቤት የሚገባውም በንባብ ቤት አልፎ ነው። ከስሙ ጋር የዚያ ቤት ጆሮም መወረስ ነበረበት።

ውጭ መማር ጆሮ ያበላሻል ለሚል ሰው የምጠራበት ምስክር ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ሃንጋሪ ሄዶ ቴአትር ተማረ። ተመልሶ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አልባሳት የለው፣ መብራት የለው፤ ያለው ማጥበቅና ማላላት፣ ማስረዘምና ማሳጠር ነው። የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ ያሳውቀናል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። አንድም ቃል ከእጁ ሲወድቅ አልሰማሁም።